ተበጠሰ ወይስ ተነቀለ

«ፀጉሬ አለቀ» ብላ እያለቀሰች እትዬ ጉሎ ዘንድ የመጣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ተበጠሰ ወይስ ተነቀለ?» ማን ልበል የለ፣ ከየት መጣሽ የለ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት «እኔ እንጃ፣ ብቻ ይረግፋል» ካለች እትዬ ጉሎ ማበጠሪያው ላይ ከቀረው አንዷን ዘለላ ትመዝዝና መስኮቱ ጋ ወስዳ በሁለት ጣቷ ወጥራ ታያታለች። ጫፏ ላይ ነጭ፣ የስኳር ቅንጣት የማታክል ፍሬ ካለች ተነቅሏል፤ ፍሬ ከሌለች ተበጥሷል። የተበጠሰ የእትዬ ጉሎ ድርሻ ነው። የደረቀ፣ የተቃጠለ፣ በፎንና በፒያስትራ ሙቀት አበሳውን ያየ ፀጉር ስለሆነ ዘይት ይመልሰዋል። የተነቀለ ግን ነገሩ ከሥር ነው። «እሱ የእኔ አይደለም እህቴ፣ ሐኪም ይየው» ትልና ምንም ሳትቀበል ትሸኛለች።

ስም ያተረፈችው በዚህ ነው። ፀጉር ቤቷ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ክፍል ነው፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የራስ ማጠቢያ፣ ከበሩ ጀርባ የፎጣ ገመድ፣ በቃ። በግራ በኩል ሹሩባ ሠሪዋ ትቀመጣለች፣ በቀኝ እሷ። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሥራ ስትጀምር በእጇ የነበረው የጉሎ ዘይት ብቻ ስለነበር የመጣችውን ሁሉ በጉሎ ታጥለቀልቅ ነበር። ዛሬ ኮኮናቱም፣ ወይራውም፣ ሰሊጡም፣ ሮዝመሪ የተዘፈዘፈበትም ጠርሙስ መደርደሪያውን ሞልቶታል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እሷም ብትሆን ለምዳዋለች፤ በሌላ ስም ቢጠሯት ዞር ብላ ማን እንደተጠራ ታያለች።

አቀባቧን ያየ ሰው ሙያ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ጉሎ ብቻውን ወፍራም ነው፣ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ስለዚህ ለአንድ እጅ ጉሎ ሁለት እጅ ኮኮናት ታደርግና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አዋህዳ ሙቅ ውኃ ላይ ታስቀምጠዋለች። እሳት ላይ አትጥድም። ለብ ሲል በክንዷ ውስጠኛ በኩል ትለካዋለች፣ ለሕፃን ገላ ማጠቢያ እንደሚለካው። ከዚያ ፀጉሩን አራት ቦታ ትከፍልና ከጫፍ ትጀምራለች። ሰው ሁሉ ዘይት ሲቀባ ከሥር ስለሚጀምር ደንበኞቿ ይገርማቸዋል። «ጫፉ እኮ የፀጉሩ አያት ነው» ትላቸዋለች፣ «ስንት ዓመት ፀሐይና ማበጠሪያ የቻለ። ሥሩ ትናንት የተወለደ ነው፣ ምን አለበት? መጀመሪያ ለአያት!» ይሳቃል። ትኩስ ፎጣ ይጠመጠማል፣ ላስቲክ ኮፍያ ይደፋል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ይታጠባል። ሲደርቅ እጅ ላይ የማይጨበጥ፣ የሚሾልክ ፀጉር ይሆናል።

ከመስታወቷ በላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ጀርባዋን የሰጠች ሴት ናት፣ ፀጉሯ ወገቧን አልፎ ወርዷል። እትዬ ጉሎ ናት፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። አዲስ የመጣች ሁሉ ፎቶውን አይታ «እንደ እርስዎ ያድርግልኝ፣ እትዬ» ትላለች። እትዬ ጉሎም ሻሿን በእጇ መዳፍ ጠበቅ እያደረገች «በርትቶ መቀባት ነው» ብላ ወደ ሳህኗ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ከዚያ ሻሽ ሥር ፎቶው ላይ ያለው ፀጉር የለም። ከፊት በኩል አለ፣ በሻሹ ጠርዝ ብቅ የሚል፣ ለዓይን የሚሆን። ከኋላም አለ፣ ማጅራቷ ላይ ይወርዳል። የሌለው መሃሉ ነው። አናቷ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ቦታ ሙልጭ ብሎ ቆዳው ያብረቀርቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድም የለም። ራሷን የምትታጠበው ልጇ ሥራ ስትሄድ በሩን ቆልፋ ነው። ስትተኛም ሻሿን አታወልቅም፤ ሲጠይቋት «ሥራዬ እሱ ነው፣ ዘይት ተቀብቼ ነው የማድረው» ትላለች። ለዓመታት ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር ደግሞ አልጣለችውም። በካልሲ ውስጥ ጠቅጥቃ አፉን ሰፍታዋለች፤ እሱን አናቷ ላይ አስቀምጣ ሻሿን ስታስርበት ራሷ ሞላ ብሎ፣ ከበድ ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ አንዷ ተንኮለኛ «ዊግ ይሆን እንዴ?» ብትላት እትዬ ጉሎ አፏን ሞልታ «አንዲትም የሰው የለችበትም፣ ሁሉም የራሴ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ውሸትን በእውነት ጠቅጥቆ በመስፋት የሚደርስባት የለም።

ሲጀምራት ማሳከክ ነበር። ቀጥሎ ሲነካ ማመም መጣ፣ ቀጥሎ መሳሳት። ያን ጊዜ አንዲት ዘለላ ይዛ መስኮቱ ጋ መሄድ ይበቃት ነበር። ለስንቷ ሴት ያደረገችውን ለራሷ ማድረግ አቃታት። «ተበጥሶ ነው» አለችና ጉሎውን ጨመረች። ሲብስ ሮዝመሪውን ጨመረች። ሐኪም ጋ ብትሄድ ያያታል፤ ካያት ይወራል፤ ከተወራ እጇን አምና ራሷን የምትሰጣት ሴት የት ትገኛለች? እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ ቆየች። በራሷ ላይ ብቻ ቢቀር ምናልባት እስከ ዕድሜ ልኳ ትችለው ነበር።

ልጇ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ትዕዛዝ ተቀባይ ናት፣ ቁመቷ እናቷን ካለፈ ቆይቷል፣ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ስሟ ሚጣ ነው። አባቷ ገና በጡት ሳለች ስለሞተ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ዝግ ሲሆን ሚጣ ትመጣና ከመስታወቱ ፊት ተቀምጣ እናቷ ትቀባታለች። ለሁለቱም ከሳምንቱ ሁሉ የሚወዱት ሰዓት እሱ ነበር፤ ሚጣ የደንበኛውን ጉድ ታወራለች፣ እናት ትስቃለች፣ ማንም አያንኳኳም።

በአንዱ እሁድ እትዬ ጉሎ ጫፉን ጨርሳ ወደ ላይ ስትወጣ ሚጣ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እማ፣ እዚህ ጋ ቀስ በይ።»

«የቱ ጋ?»

«አናቴ ላይ። ሲነካ ያመኛል። ሰሞኑን ደግሞ ማሳከኩ!»

የእትዬ ጉሎ እጅ ባለበት ቀረ። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጭራ ገለጥ አደረገች። አናቷ ላይ፣ እዚያው እሷን በጀመራት ቦታ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሥፍራ ሳስታለች። ቆዳው ቀላ ብሏል። ክው አለች። ሳህኑን መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችው እንዳይወድቅባት ፈርታ ነው።

«ምንድን ነው? ዝም አልሽ እኮ።»

«ምንም አይደለም። ተበጥሶ ነው። ያ ማተሚያ ቤትሽ፣ ሙቀቱ…»

«ማተሚያ ቤታችን እኮ አየር ማቀዝቀዣ አለው።»

«ይኸውልሽ! እሱ ነው ያደረቀው።»

ሚጣ ሳቀች። «አንቺ መቼም መልስ አታጪም» አለችና ስልኳን መነካካት ጀመረች። እትዬ ጉሎ ፎጣውን ጠመጠመችላት፣ ኮፍያውን ደፋችላት፣ አጠበቻት፣ ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብላ አደረቀቻት። ልጅቷ ጉንጯን ስማት ወጣች።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ጉሎ ፎጣውን አነሳች። ሦስት ዘለላ ፀጉር አገኘች። መስኮቱ ጋ ወሰደቻቸው። የመጀመሪያዋን ሁለት ጊዜ ጣለቻት። ነጭ ፍሬ አላት። ሁለተኛዋም አላት። ሦስተኛዋን ላለማየት ፈለገች፣ ግን አየቻት፤ እሷም አላት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ባለ ሻሽ ሴት ስታያት ጠላቻት።

ሰው ሲጨንቀው የሚሠራውን አያውቅም ይባላል፤ እትዬ ጉሎ ግን አሳምራ ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው «እስቲ ሦስት ሳምንት ልየው» ያለችው። በሦስቱ ሳምንት ያላደረገችው የለም። ጉሎውን ቀነሰች፣ ሰሊጡን አበዛች፤ ሰሊጡን ተወች፣ ወይራ አመጣች። ሮዝመሪውን ሁለት ጊዜ አጠለለች። ልጅቷን በየሁለት ሳምንቱ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ማታ ከሥራ ስትገባ «ነይ እስቲ ቁጭ በይ» ትላታለች። ጣቷ አናቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ያቺ ቦታ ሰፍታ ይሁን ጠባ በጣቷ ትለካለች። ዛሬ ያችው ናት ብላ ደስ ይላታል፤ በማግስቱ ደግሞ ትናንት በደንብ አልለካሁም ትላለች። ምግብ አልበላ አላት። ሹሩባ ሠሪዋ «እትዬ፣ ጨው የለበት ጨው የለበት እያሉ ሳህኑን መለሱት፤ እኔ ስበላው እኮ ጨው በጨው ነው» አለቻት።

ጠዋት ጠዋት ሚጣ ፊቷን ስትታጠብ እናት ክፍሏ ትገባና ትራሱን ትፈትሻለች። አንድ ቀን ሚጣ ፎጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ አገኘቻት።

«እማ፣ ትራሴ ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ትኋን።»

«ትኋን? በሦስተኛ ፎቅ?»

«ትኋን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል ያለሽ ማነው?»

ሚጣ ያን ዕለት አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን ሳይቀር አጠበች። እትዬ ጉሎ አብራት ስታሰጣ ዋለች፤ ትራሱን ለማየት ብላ በተናገረችው አንድ ቃል ቤቱን በሙሉ አሳጠበች። ልቧ ግን የትራሱ ልብስ ላይ ካገኘቻቸው አምስት ዘለላዎች ጋር ነበር። አምስቱንም ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራቸው ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ አንዲት አስተማሪ ልትቀባ መጣች። አስተማሪዋ የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ ናት፣ ወሬ ስትጀምር ደግሞ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው።

«የአክስቴን ልጅ ያስታውሷታል፣ እትዬ? ‹ሐኪም ይየው› ብለው የመለሷት።»

«አዎ።»

«የቆዳ ሐኪም ጋ ሄደችልዎ። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ፀጉሩ የሚበቅልበት ሥር ውስጥ ብግነት አለ። በጊዜ ከተያዘ ይቆማል፤ ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይዞ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ወርቅ ቢቀቡት አይበቅልም። እሷ ስምንት ወር ቆይታ ነው የሄደችው፣ ግማሹ አመለጣት። ደግሞ በዘር ይሄዳል አሉ። የእናቷን አናት አዩና…»

ሌላውን እትዬ ጉሎ አልሰማችውም። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «በዘር» የሚለው ብቻ ነው። አስተማሪዋ «እትዬ፣ ዘይቱ አንገቴ ውስጥ እየገባ ነው» እስክትላት ድረስ ሳህኑን አዘንብላ ቆማ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሚጣ ጫማዋን ሳታወልቅ እናቷ «ነገ ፈቃድ ጠይቂ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለቻት።

«ለምን? ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም። አናትሽን ለማሳየት ነው።»

ሚጣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቆመች። በእትዬ ጉሎ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ «ሐኪም ይየው» የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃለች። «ተበጥሶ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ተነቅሎ ነው እንዴ?»

«ልቤን አታውልቂው እስቲ! ለማጣራት ነው። መሄድ ነው፣ አለቀ።»

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ ተራ ቁጥራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሚጣ ስልኳ ላይ ነበረች። እናት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለራሷ ነግራለች፦ ሐኪሟ ቦታውን ካየች ታውቅላታለች፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ሐኪም ሐኪም ነው። የእሷ ራስ ከዚህ ነገር ውስጥ ሊገባ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ስታስብ አድራ አንዱንም አላየሁም ብላ ነው የመጣችው።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ናት። መብራት ባለው አጉሊ መነጽር የሚጣን አናት ገልጣ አየች፣ ጫን ጫን እያደረገች «ያማል? እዚህስ?» አለች፣ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት አለ? እናት፣ አክስት፣ አያት?» ብላ ጠየቀች።

ሚጣ ሳቋ መጣ። «ኧረ በእኛ ቤት! እናቴን አላወቋትም ማለት ነው። እትዬ ጉሎ የሚሏት እኮ እሷ ናት። ፎቶዋን ቢያዩት፣ ፀጉሯ እስከዚህ ድረስ ነው።» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። በእናቷ ስትኮራ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አገጯ ከፍ ብሎ ነበር።

ሐኪሟ ወደ እትዬ ጉሎ ዞረች። «እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው። እርስዎ ምንም የለብዎትም ማለት ነው፣ እናት?»

እንግዲህ እውነቱን የመናገሪያው ቀን ይህ ነበር። ሚጣ እያየቻት ነው፣ ሐኪሟ እያየቻት ነው፣ ካልሲው ከሻሿ ሥር ድንጋይ ሆኖ ከበዳት። «የለብኝም» አለች። ሽምጥጥ አድርጋ ካደች።

«እንግዲያው ሹሩባ ስትሠሪ ጠብቆብሽ ይሆናል» አለች ሐኪሟ ለሚጣ። «ለሦስት ወር የሚጎትት ነገር አትሠሪ። ይቺን ቅባት ተጠቀሚ። ካልተሻለሽ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ፣ ያኔ ከቆዳሽ ናሙና ወስደን እናያለን።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ሚጣ ተነፈሰች። «ተመስገን! እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፣ አስፈራርተሽኝ» አለችና መሥሪያ ቤቷ ደውላ ከሰዓት እንደምትገባ መናገር ጀመረች። ድምጿ ቀልሎ ነበር። እናት ከኋላዋ ትሄዳለች። ሦስት ወር። የእሷ በመጀመሪያው ሦስት ወር ከጥፍር ወደ ማንኪያ ሆኖ ነበር፤ ጣቷ ያስታውሰዋል። በሁለተኛው ሦስት ወር ቆዳው ማብረቅረቅ ጀመረ። ሦስት ወር ለሐኪሟ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀጠሮ ነው። ለሚጣ ግን የራስ ፀጉሯ ነው። «በዘር ይሄዳል» ካሉ፣ ሐኪሟ የጠየቀችው እሱን ነው፤ መልሱን ደግሞ አናቷ ላይ አስራ ይዛው እየሄደች ነው። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ተሰለፊልኝ፣ መጣሁ» አለች።

«የት ልትሄጂ?»

«እስክሪብቶዬን ረስቼ።»

«እማ፣ አንቺ እስክሪብቶ የት አለሽ?»

መልስ የማታጣው ሴትዮ ያን ጊዜ መልስ አጣች። ኮሪደሩን በሩጫ በሚመስል እርምጃ ተመለሰች። የሐኪሟ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «ይቅርታ አባቴ፣ ይቅርታ ዶክተር፣ ዋሽቼ ነው» አለች እትዬ ጉሎ ከበሩ። ሐኪሟ ቀና ከማለቷ በፊት የሻሹን መርፌ ቁልፎች መንቀል ጀመረች። አንዱ ጣቷን ወጋት። ሚጣ ተከትላት መጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ሻሹ ወለቀ፣ ካልሲው ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዱብ ብሎ ተንከባሎ ከወረቀቶቹ መሃል ቆመ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ካልሲውን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው እጅጌያቸውን መለሱና «እኔ ውጭ ልጠብቅ» ብለው ወጡ። ሐኪሟ ወንበሩን አሳየቻት። አጉሊውን አምጥታ ለረጅም ጊዜ አየች።

«መቼ ጀመረዎት?»

«አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ይሄኛው ተዘግቷል፣ እናት። ከዚህ ወዲያ ፀጉር አይወጣም።» ሐኪሟ ይህን ስትል ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር።

«የእኔን ተይው ልጄ። የእሷን ንገሪኝ።»

ሐኪሟ ሚጣን ጠርታ እንደገና አስቀመጠቻት። እናትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ሁለት አናት በአንድ መብራት ሥር። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «የእሷ ሥሩ ክፍት ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ትንሽ ቦታ ላይ ጠባሳ ሳይጀምር አልቀረም፣ የሄደው ላይመለስ ይችላል። የቀረውን ግን እናቆመዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስት ወር አልጠብቅም፣ ናሙናውን ዛሬውኑ እወስዳለሁ፣ መድኃኒቱም ዛሬ ይጀመራል።»

«ዘይቱ ነው ያደረገው?» እትዬ ጉሎ ይህን ለመጠየቅ አምስት ዓመት ፈርታለች።

«ዘይት ምን በደለ? ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ ከመሰበር ያድናል፣ ጥሩ ነው። ሥሩ ጋ ግን አይደርስም። የበደለው ጊዜው ነው።»

ናሙናው ሲወሰድ ሚጣ ጥርሷን ነክሳ የእናቷን እጅ ያዘች። ሲያልቅ ለቀቀችው። መድኃኒቱን ተቀብለው አውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእትዬ ጉሎ ሻሽ ያለ ካልሲው አናቷ ላይ ለጥ ብሎ ታስሯል። ካልሲውን ሚጣ ነበረች ከጠረጴዛው ላይ ያነሳችው፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስፌቱን በጥፍሯ እየነካካች ነው።

«አምስት ዓመት» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ፀጉርሽን ሳወራ።»

አንድ መኪና አለፈ፣ ሌላ አለፈ። ሚጣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ልትሰማው የምትፈልገውን መልስ አስቀድማ እያቀበለቻት ጠየቀች፦

«ያን እሁድ አመመኝ ስልሽ፣ ተበጥሶ ነው ያልሽኝ… አላወቅሽም ነበር አይደል? መስሎሽ ነው።»

መስሎኝ ነው ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር! ልጅቷ ራሷ በሩን ከፍታላታለች፣ መግባት ብቻ ነው። ብትል ታምናት ነበር፣ ምናልባትም እዚያው አቅፋት ታለቅስ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለች እትዬ ጉሎ። «ስትወጪ ፎጣው ላይ ሦስት ዘለላ አገኘሁ። መስኮት ጋ ወስጄ አየኋቸው። ሦስቱም ተነቅለው ነበር።»

ሚጣ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችምም። አውቶቡሱ ሲመጣ ተነሳችና ቀድማ ገባች። ለሁለት ሰው የሚሆን ወንበር አግኝታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አኖረችው። እትዬ ጉሎ ቦርሳውን አየች። አንሺልኝ አላለችም። ከላይ ያለውን ብረት ይዛ ከልጇ አጠገብ ቆመች፤ አውቶቡሱ ሲያዘምም ታዘምማለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ሰዎች ወረዱ፣ ሰዎች ገቡ። አንዲት ሴት «ቦታው ሰው አለው?» ብላ ሚጣን ጠየቀቻት።

«አለው» አለች ሚጣ።

ሴትየዋ ወደ ኋላ አለፈች። ሚጣ ቀና ብላ እናቷን ሳታያት ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

እትዬ ጉሎ ተቀመጠች።